ተጓዳኝ የተባለው ሕመም

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በነበሩት ወራት፣ የጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫ በቤታችን እንደ እራት ሰዓቱ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ ነበር። የተመረመሩት፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው፣ ያገገሙትና ያረፉት ሰዎች ቁጥር በተራ ይነገራል፤ ስለ ሟቾች በተወራ ቁጥር ደግሞ «ተጓዳኝ ሕመም የነበረባቸው» የምትለው ሐረግ አትጠፋም። ሐረጓን ስንሰማ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥነው ሁሉ ቀለል ይለን እንደነበር ዛሬም አልረሳውም። ወንድሜ «እነሱማ ስኳርም ግፊትም ነበረባቸው» ይላል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ምሽት ግን እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየሰበሰበች «ተጓዳኝ የሚሉት እኔን ነው አይደል?» አለች። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት፣ ደም ግፊት ከያዛት 8 ዓመት ሆኗት ነበር። ማናችንም አልመለስንላትም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር መድኃኒት ቤት ውስጥ የስኳሩን ሜትፎርሚን፣ የደም ግፊቶቹን ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን፣ የአስም ፓፍም ስሰጥ ነው ውዬ የምገባው፤ ስለዚህ ጥያቄዋ እንደ ልጅም እንደ ባለሙያም ነካኝ። ተጓዳኝ ማለት ጎን ለጎን የሚሄድ ማለት ነው፤ ቃሉ የቆየውን ሕመምና አዲሱን ቫይረስ በአጋጣሚ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት እንግዶች ያስመስላቸዋል። እኔ በሥራዬም በቤቴም ያየሁት ሌላ ነው። የቆየው ሕመም ቫይረሱ ከመድረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የሰውነትን ትርፍ ዐቅም ጥቂት በጥቂት ሲበላ የኖረ ነው፤ ምን ያህሉን እንደበላ የሚታወቀውም ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ የተበላው መጠን አስቀድሞ የተቆረጠ ዕጣ አለመሆኑን ቃሉ ይሸፍንብናል። በክትትል ሊቀነስ ይችል ነበር፤ ዛሬም ይቻላል።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ የቻይና የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ያወጣውን ዘገባ ያነበብኩት መድኃኒት ቤቱ ጭር ባለበት አንድ ከሰዓት ነበር። በምርመራ ከተረጋገጡት 44,672 ታማሚዎች ውስጥ ከመቶ 2.3 ያህሉ ሞተዋል። ምንም የቆየ ሕመም ካልተመዘገበባቸው መካከል የሞቱት ከመቶ 0.9 ሲሆኑ፣ ስኳር ካለባቸው 7.3፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ካለባቸው 10.5፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ካለባቸው 6.3፣ የደም ግፊት ካለባቸው 6.0 ነበሩ። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሕመሞች የሚበዙት በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በመሆኑ ልዩነቱን በሙሉ ለሕመሙ መስጠት አይገባም፤ ዕድሜ ራሱን የቻለ ትልቅ ምክንያት ነው። ሆኖም ዕድሜን እያስተካከሉ የተሠሩ ኋለኛ ጥናቶችም የመልሱን አቅጣጫ አልለወጡትም።

እናቴን የሚመለከተው ስኳር ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲኖር፣ ጀርም በገባበት ቦታ ቀድመው መድረስ ያለባቸው ነጭ የደም ሴሎች እግራቸው ይከብዳል፤ ደርሰውም ጀርሙን ውጦ የማጥፋት ጉልበታቸው ይደክማል። ቫይረስ የያዘውን ሴል ለይተው የሚያጠፉት ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎችም ዘግይተው ይነሣሉ። ቫይረሱ በእነዚያ በባከኑ ቀናት ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ወርዶ ይራባል። በሌላ በኩል ስኳር፣ በተለይ ከውፍረት ጋር፣ በሰውነት ውስጥ የማይጠፋ ረመጥ የመሰለ ብግነት ይዞ ይኖራል፤ ዘግይቶ የተነሣው መከላከያ በዚያ ረመጥ ላይ ሲጨመር መጠኑን ያልፍና የገዛ ሳንባን ማቃጠል ይጀምራል። ዐይንንና ኩላሊትን የሚጎዳው የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳትም በዚያው ልክ አይጠቅምም፤ ሳንባ ኦክሲጅን የሚቀበለው በእንደዚህ ዓይነት ቀጫጭን ሥሮች ነውና።

ከዚህ በላይ አንድ አዙሪት አለ፤ ደንበኞቼን ለማስረዳት ከሁሉ የሚቸግረኝም እሱ ነው። ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖችን ያፈልቃል፤ እነሱም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፣ ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው እንዳይሠራ ይከለክሉታል። ስለዚህ እህል ያልቀመሰ ሰው ስኳሩ 300 ሊገባ ይችላል። ስኳሩ ሲወጣ ሽንት ይበዛል፣ ውኃው ያልቃል፣ ደም ይወፍራል፣ መከላከያው ይብስ ይደክማል፤ ኢንፌክሽኑም በዚያ ጊዜ ይበረታል። ኢንፌክሽኑ ስኳሩን ያንራል፣ ስኳሩም መልሶ ኢንፌክሽኑን ያበረታል።

ተስፋ የሰጠኝ ቁጥር የመጣው ከቻይናዋ ሁቤይ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው በዚያ ጥናት ከ7,337 የኮቪድ ታማሚዎች መካከል 952ቱ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ነበረባቸው፤ ከእነሱ ከመቶ 7.8፣ ስኳር ከሌለባቸው ደግሞ 2.7 ሞተዋል። ስኳር ያለባቸውን ለሁለት ሲከፍሏቸው ግን፣ በሕክምናው ጊዜ የደም ስኳር ልኬታቸው በዴሲሊትር ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም ውስጥ ከቆየው መካከል የሞቱት ከመቶ 1.1 ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣና ሲወርድ ከነበረው መካከል 11 ሆነው ተገኙ። ሁለቱም «ስኳር ያለባቸው» ናቸው፤ ሁለቱም በመግለጫው ላይ «ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው» ይባላሉ። ሕመሙ የከፋባቸው ሰዎች ስኳራቸውም አብሮ ሊናጥ ስለሚችል፣ ይህ ሁሉ ልዩነት የቁጥጥር ብቻ ውጤት ነው ለማለት አልደፍርም። በእንግሊዝ ግን የ17 ሚሊዮን ሰዎችን የሕክምና መዝገብ ይዞ የተሠራው ጥናት ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን ልኬት ነው ያየው፤ የዕድሜና የሌሎች ምክንያቶች ተጽዕኖ ተቀንሶ እንኳ፣ ስኳሩ ቁጥጥር ያልተደረገበት ሰው በኮቪድ የመሞት ዕድሉ ስኳር ከሌለበት ሰው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በቁጥጥር ሥር ያዋለው ሰው ግን የጨመረበት አደጋ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ያን ቀን ይህን አንብቤ እናቴ ቤት ብሄድ ኖሮ ይሻል ነበር። አልሄድኩም።

እናቴ ክትትሏን ካቋረጠች ስምንተኛ ወሯ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ክትትል ታደርግበት የነበረው ተቋም በወረርሽኙ ሰሞን ቀጠሮዎችን አራዝሞ፣ ስልክ እንደውላለን ብሎ፣ ሳይደውል ቀርቷል፤ እሷም ሆስፒታል መሄድን ከበሽታው እኩል ፈርታው ስለነበር አልጠየቀችም። ኢንሱሊኑንም ሜትፎርሚኑንም ከእኔ ትወስድ ስለነበር ሁሉ ነገር ደኅና መሰለኝ። መድኃኒት መውሰድና መለካት አንድ አይደሉም፤ ይህን ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ልጇ፣ የስኳር መለኪያዋ ስትሪፕ ካለቀ አራት ወር እንዳለፈው አላየሁም።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮቪድ ክፉው ወር ነበር። ክትባቱ በሀገራችን የተጀመረው በዚያው ወር በ4ኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነው፤ የእናቴ ተራ ግን ገና አልደረሰም። በወሩ መጨረሻ ጉሮሮዋን ከረከራት፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ጎረቤቶቻችን እንደ ደንባቸው ደጅ ድረስ መጥተው ጤናዳምና ዳማከሴ ሰጡ፤ ዝንጅብል በማርም አፍልተው ላኩላት። ፍቅራቸውን አመሰግናለሁ። ያን የማር ዝንጅብል ግን እናቴ ለሦስት ቀን በትልቅ ኩባያ ጠጥታዋለች። የማታ ኢንሱሊኗን ደግሞ ትታዋለች። በስልክ ስጠይቃት «ምግብ ሳልበላ እንዴት እወጋለሁ? ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ነው» አለችኝ። ስኳር መውረድን የምታውቅና የምትፈራ ሴት የሰጠችው፣ በራሷ በኩል ሲታይ ምክንያት ያለው መልስ ነው። ትኩሳት ራሱ ስኳር እንደሚያወጣ የነገራት ሰው አልነበረም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስትሪፕ ይዤ ደረስኩ። የጣቶቿ ጫፍ በ14 ዓመት መወጋትና በዕድሜ ልክ ሥራ ደንድኗል፤ ቀለበት ከምታደርግበት ጣት ጎን በኩል ወጋኋትና ደሙ አልወጣ አለ። እጇን ወደ ታች አድርጌ ከመዳፏ ወደ ጣቷ ገፋ ገፋ ሳደርገው እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ጠብታ ብቅ አለች። መለኪያው አምስት ሰከንድ ቆጥሮ 437 አለ። ጣቷ ላይ የሰካሁት የኦክሲጅን መለኪያ ደግሞ 84 አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ልኬት እዚህ ከቆላው ሰው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ 84 ግን በየትኛውም ከፍታ ላይ ቤት የሚያስቀምጥ ቁጥር አይደለም። እሷ ግን «ደኅና ነኝ፣ ደከመኝ እንጂ» እያለች ነበር።

የመጀመሪያው በር አልጋ የለም ብሎ መለሰን። ሁለተኛው ተቀበለን። በዚያ ሰሞን ኦክሲጅን ሲሊንደር ፍለጋ ከተማውን የሚያካልሉ ቤተሰቦች ነበሩና ዕድለኞች ነን። ከኦክሲጅኑ ጋር ዴክሳሜታሶን ተጀመረላት፤ ይህ ርካሽና የቆየ መድኃኒት ኦክሲጅን ለሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ሞትን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 በእንግሊዝ በተደረገ ትልቅ ሙከራ ተረጋግጧል። ስኳር ያለበት ሰው መከራ ግን እዚህም አልለቀቀም፤ ሳንባን የሚያድነው ዴክሳሜታሶን የደም ስኳርን ያንራል። በየአራት ሰዓቱ እየለኩ ኢንሱሊን ይጨምሩላት ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ነርሷ መለኪያዋን ይዛ ስትመጣ እናቴ ሳትነቃ ጣቷን ትዘረጋላት ነበር። በ11ኛው ቀን ወጣች። ከክፍሏ በሕይወት ያልወጡ ነበሩ፤ በማግስቱ መግለጫ ላይ ስለ እነሱ ምን እንደተባለ መገመት አያቅተኝም።

ስለ ደም ግፊት ሳስብ የማይወጣልኝ ደግሞ የአንድ ጎረቤታችን ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት በር የኢናላፕሪል ዓይነት መድኃኒቶች ከሚሠሩበት ሥርዓት ጋር እንደሚገናኝ የሚገልጽ ወሬ በስልክ ከሰው ሰው ተዛመተ፤ ወሬው መነሻው ትክክለኛ የሳይንስ ጥያቄ ነበር፣ መልሱ ግን ያኔ ገና አልተገኘም ነበር። ጋሼ መደርደሪያው ጋ ቆመው «ይሄ መድኃኒት ለበሽታው በር ይከፍታል አሉ፤ ለጊዜው ልተወው» አሉኝ። የሐኪም ማኅበራት መድኃኒቱን አታቋርጡ ሲሉ መክረው ስለነበር ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ግን ተዉት። በሰኔ ግፊታቸው ሽቅብ ወጥቶ ግማሽ ጎናቸው ሰነፈ። ኮቪድ አልያዛቸውም ነበር። በብራዚል 659 የኮቪድ ታማሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የታተመው ሙከራ መድኃኒቱን ማቋረጥ ምንም ጥቅም እንደሌለው ሲያሳይ፣ ጋሼ በከዘራ መሄድ ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር።

ይህ ሁሉ የኮቪድ ታሪክ ብቻ ቢሆን ያለፈ ነገር ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን ጉንፋን ብለን የምንንቃቸው ቫይረሶችም፣ በተለይ ኢንፍሉዌንዛ፣ በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። በካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሥር መዘጋት የመከሰቱ መጠን ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ምክንያቱን ማሰብ አይከብድም፤ ትኩሳት ልብን ያስሮጣታል፣ የሳንባው መታመም የምትተነፍሰውን ኦክሲጅን ይቀንስባታል፣ ብግነቱ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፣ በሥሮቿ ግድግዳ የተለጠፈውንም ስብ ያናጋዋል። ጤነኛ ልብ ይህን ሁሉ ለሳምንት ትሸከማለች። በሀገራችን ደግሞ የሚታመሙት ልቦች የሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም። በልጅነታቸው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ ያጠበበባቸው ወጣቶች አሉ፤ ልባቸው በፈጠነ ቁጥር በጠበበው በር ደም ለማለፍ ጊዜ ያጣል፣ ወደ ሳንባም ይመለሳል። ለእነሱ ሦስት ቀን የሚቆይ ትኩሳት ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ዓለም ይህን ለመከላከል የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይሰጣል። ልባቸው በቅርቡ የታመመ 2,571 ሰዎችን ይዞ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ፣ በዓመት ውስጥ የሞቱት ክትባቱን ካገኙት ከመቶ 2.9፣ ካላገኙት 4.9 እንደነበሩ አሳይቷል። እኔ በሠራሁባቸው መድኃኒት ቤቶች ያን ክትባት በእጄ ይዤ አላውቅም። የሚጠይቀኝ ሰው አለመኖሩ ከክትባቱ አለመኖር በላይ ያሳዝነኛል።

ስለ ሳንባ ሲነሣ አክስቴን አስባለሁ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትኖር፣ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሐኪም ግን ሳንባዋን መርምሮ የረጅም ጊዜ አጫሽ ሳንባ የመሰለ ነገር አገኘ። አጫሿ ጎጆዋ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ጣራው ሥር ሲንሳፈፍ ኖሯል፤ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ እየሳለች፣ ሌላ ሊጥ ታሰፋለች። ጭሱ የአየር ቧንቧዎቿን አጥብቧቸዋል፣ አክታን ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮችም አጥፍቷቸዋል። ስለዚህ ለእኔ አራት ቀን የሚቆይ ጉንፋን ለእሷ የሦስት ሳምንት ትንፋሽ ማጠር ነው። አስም ያለባቸውም እንደዚሁ ናቸው፤ ተራ የጉንፋን ቫይረስ አስምን ከሚያስነሡት ነገሮች ዋነኛው ነው።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በከተማችን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» ስንል፣ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ቀጠፈ የሚነገርለትን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። ያ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪንም አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። ያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ብርቱ ወጣቶችን በብዛት ገድሏልና፣ የቆየ ሕመም የሌለበት ሰው ሁሉ ተርፏል የሚል ሰው ካለ ታሪኩ አይደግፈውም። ሆኖም የሳንባ ወረርሽኝን በምናስታውስበት ዕለት አየሩን በጭስ መሙላታችን ያሳስበኛል። በማግስቱ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ የሚቆሙት የአስም ፓፍ ፈላጊዎች ናቸው። ልማዱ እንዲጠፋ አልመኝም፤ ጭሱ እንዲቀንስ እመኛለሁ።

የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ይህን ሳነብ እነዚያ መግለጫዎች ትዝ ይሉኛል። «ተጓዳኝ ሕመም ያልነበረበት» ተብሎ የተመዘገበ፣ ቤተሰቡም «አንድም ቀን ታሞ አያውቅም» ብሎ የቀበረው ሰው፣ ምናልባት ተለክቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ እናቴን እንደገና ጉንፋን ያዛት። የነገረችኝ ግን በአራተኛው ቀን ነው። ልቆጣ አልኩና ደብተሯን አወጣችልኝ። ልጆቼ ትተውት የሄዱት፣ ሽፋኑ የተላጠ ደብተር ነው፤ በእርሳስ መስመር ከፍላ ጠዋትና ማታ የለካችውን ጽፋለች። አንደኛው ቀን 168 እና 214። ሁለተኛው ቀን 231፤ ጎኑ ላይ «ለነርሷ ደወልኩ፣ ሁለት ጨምሪ አለች»። ሦስተኛው ቀን 190 እና 172፤ «ትኩሳት የለም»። በአራተኛው ቀን ጠዋት 149፤ ከሥሩም «ማር አልጠጣሁም» ብላ ጽፋለች።